ቲማቲሙ እንዳይበላሽ

ስልኩ አያርፍም። መቂ ላይ ቲማቲም ያስጫነው ነጋዴ ይደውላል፤ አዲስ አበባ ሆኖ የሚረከበው ይደውላል፤ መሀል ላይ ያገናኛቸው ደላላም ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ጭምር ይደውላል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የት ደረስክ?» ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ በሌላው ስልክ ይዞ «ሞጆን አልፌያለሁ» ይላል፤ ገና ሳያልፍ። ሹፌሩ ካላነሳ ስልኩ ወደ ባለንብረቱ ይዞራል። በአይሱዙ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች፣ የምንነዳውም የምናስነዳውም፣ ሌሊቱን የምንገፋው ይህንን ጥያቄ እየመለስን ነው።

ነጋዴው ላይ አልፈርድም። የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያችን ዋጋ የሚቆረጠው ሳይነጋ ነው። ጎህ ሳይቀድ የደረሰ ቲማቲም ዋጋ አለው፤ ረፋድ ላይ የደረሰው ያገኘውን ይዞ ይሸጣል፤ ለማግስቱ ያደረው ከሣጥኑ ሥር ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከአርባ ምንጭ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣው ሙዝ፣ ከፎገራ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ሽንኩርት፣ ከአወዳይ ወደ ጅግጅጋ የሚሮጠው ጫት፣ ሁሉም ሰዓት የተቆረጠለት ጭነት ነው። ጫትማ የባሰበት ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ዋጋው አብሮ ይወርዳል። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በእነዚህ መንገዶች ላይ ማየት ብርቅ ነው። ካሶኔው ላይ ሸራ ይወጠራል፣ ሙዙ በገዛ ቅጠሉ ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ የማቀዝቀዣውን ሥራ የሚሠራው የሹፌሩ እግር ነው።

ሰዉ ደግሞ ስም አውጥቶልናል። ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር»፣ የእኛን አይሱዙ «አልቃይዳ» ብሎታል። ስሙ ከሰማይ አልወረደም። በየከተማው ጥግ የተገጩ እግረኞች አሉ፤ ገደል የገቡ መኪኖች አሉ፤ ጭነት ላይ ተሳፍረው ያለቁ ሰዎች አሉ። ይህን የሚክድ ባለንብረት ካለ ኅሊናውን ይመርምር። የሚቆረቁረኝ ግን ስሙን ያወጣው ሰው ራሱ ጠዋት ጉሊት ላይ ቲማቲሙን አገላብጦ «ይሄ የትናንት ነው» ብሎ የሚሄድ መሆኑ ነው። አይሱዙው ለምን እንደሚሮጥ የሚጠይቅ አላየሁም። ፍሬኑ ለምን እንደማይዝ የሚጠይቅማ ጭራሽ የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ገና መኪናው ሲገዛ ነው። ገዢ ሻጩን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ኩንታል ያነሳል?» መልሱንም የሚፈልገው ከፋብሪካው ወረቀት ላይ ሳይሆን ጎረቤቱ ከጫነበት ልክ ነው። ኤንፒአር የሚባለው አይሱዙ አርባ ምናምን ኩንታል ይዞ እንዲሄድ የተሠራ መኪና ነው። ኤፍኤስአር የሚባለው ከዚያ ከፍ ይላል፤ የድሮው ባለ ስድስት ሲሊንደር 8.2 ሊትር ሞተር የዳገት ጉልበት ስላለው እስከ ዛሬ የሚወደደው በከንቱ አይደለም። ሁለቱም ሲሠሩ የፍሬናቸው ስፋት፣ የባሌስትራቸው ብዛት፣ የጎማቸው ቁጥርና የሻንሲያቸው ብረት ለአንድ ክብደት ተመጥኗል። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ሰሌዳ ሳይለጠፍባቸው ካሶኔ ሠሪው ጋ ይሄዳሉ። ስፖንዳው ከፍ ይደረጋል። ስፖንዳው ከፍ ሲል ጭነቱ ይጨምራል፤ ጭነቱ ሲጨምር መኪናው ከኋላው ይቀመጣል፤ ስለዚህ ባሌስትራ ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ ሰባ ኩንታል ተጭኖበትም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሁላችንንም ያታለለን ይህ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ባሌስትራ የሚሸከም ብረት ነው፤ የሚያቆም ነገር የለውም። ፍሬኑ፣ ታምቡሩ፣ ሸራው ፋብሪካው እንዳወጣቸው ናቸው፤ እነሱን የሚነካ የለም። ለአርባ ኩንታል የተሠራ ፍሬን ሰባውን ያዝ ይባላል። ባሌስትራ ባይጨመር ኖሮ መኪናው ጎንበስ ብሎ ክብደቱን ለሁሉም ያሳይ ነበር፤ ሹፌሩም ይፈራ ነበር፤ ትራፊኩም ያስቆመው ነበር። አሁን ግን ከውጭ ለሚያየው ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። ካሶኔ ሠሪው የታዘዘውን ሠራ፣ ባለንብረቱ ገቢውን አየ፣ ነጋዴው በአንድ ቢያጆ የሁለት ቢያጆ ጭነት አስጫነ። መሪ የያዘው ልጅ ብቻ ቀረ።

ሻጮች ስለ ሞዴሉ ዓመት፣ ስለ ቀለሙና ስለ ጎማው አውርተው አይጠግቡም። ስለ ከፍታ የሚያወራ ግን አላጋጠመኝም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል እንደሚቀንስ የሞተር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ 120 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ቱርቦ አልባ ኤንፒአር አዲስ አበባ ሲቆም ከአንድ አምስተኛ በላይ ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ ሰባ ኩንታል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ስልኩ ይጮኻል፤ ሹፌሩ ዳገት ላይ ያጣትን ደቂቃ የሚመልሳት ቁልቁለት ላይ ነው። አደጋው ከብዙ ወራት በፊት፣ ግዢው ላይ ተፈርሟል ማለት ነው። ለደጋ መንገድ መኪና የሚገዛ ሰው ከኩንታሉ በፊት ስለ ቱርቦው፣ ከቱርቦው ቀጥሎ ስለ ዲፈረንሻሉ ጥርስ መጠየቅ ነበረበት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጥቷል፤ የድሮው ሞተር ወይስ አዲሱ? የድሮው የናፍጣ ፖምፓ ብረት በብረት ነው፤ ቢታወክም አዳማም ሻሸመኔም ደሴም የሚፈታው ባለሙያ ይገኛል። አዲሱ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፤ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት ይረጫል፤ ጉልበቱ ጥሩ ነው፣ ጭሱ ትንሽ ነው፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ኖዝሉ ግን ውሃና ቆሻሻ ፈጽሞ አይችልም። እኛ የምንቀዳው ናፍጣ ከጂቡቲ በቦቴ መጥቶ፣ ማደያ ታንከር ውስጥ ካለው ዝቃጭ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚደርሰን። ማደያ ደርቆ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛው ደግሞ ላምባ የተደባለቀበት ሊሆን ይችላል። አንድ ኖዝል ሲበላሽ መኪናው ሲጎተት፣ የሚመረምረው መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሲፈለግ፣ ዕቃው ሲታዘዝ፣ የተጫነው ሙዝ መንገድ ላይ ይጠቁራል። እኔ ብጠየቅ፣ ሥራው ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ሐዋሳ የሆነ ሰው አዲሱን ይግዛ እላለሁ፤ ማደያውም ጋራዡም ቅርብ ነው። በረሃ ለበረሃ፣ በጀሪካን እየቀዳ ለሚሠራ ሰው ግን ፖምፓው በደንብ የታየ የድሮ ሞተር ይሻለዋል። በሁለቱም ላይ የናፍጣ ፊልትሮውና ውሃ ማጣሪያው በጊዜው ካልተቀየረ ምርጫው ዋጋ የለውም። ለሚሊዮን ብር መኪና ፊልትሮ ላይ የሚቆጥብ ሰው ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ናፍጣውን ማግኘቱ ራሱ ዕዳ ነው። ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የሕዝብ ማመላለሻዎች የታለመ ድጎማ ተደረገላቸው፤ ጭነት ግን ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ይቀዳል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 99 ብር ተጠጋ፤ ከዚያም ወዲህ አልረከሰም። ዋጋውስ ይሁን፤ ሰልፉ ነው የሚገድለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው በስልክ ሆኗል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰልፉ ባለበት ይቆማል። ቲማቲም የጫነ መኪና፣ አሸዋ የጫነ መኪና፣ ባዶውን የቆመ መኪና፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ። ለሚበላሽ ጭነት ቅድሚያ ቢሰጥ ምን ይጎድላል? ማደያ ላይ የጠፋው ሰዓት ከማንም ኪስ አይወጣም፤ ከፍጥነት መለኪያው ላይ ይወጣል።

መለዋወጫውን ላንሳ። ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ የፍሪሲዮን ሸራውም፣ የኩሽኔታውም፣ የጎማውም ዋጋ ተከትሎት ወጣ። የጭነት ታሪፉ ግን በዚያው ልክ አልወጣም፤ ደላላው «ሌላ መኪና አለ» ይላላ። ባለንብረቱ ተጨንቆ ሱቅ ሲገባ ልጁ ሁለት ካርቶን ያወጣለታል። «ጋሼ፣ ኦሪጅናሉ ዋጋው ይከብድዎታል። ይሄኛው ያው ነው፣ ሰው ሁሉ እየወሰደው ነው» ይለዋል። ካርቶኑ ላይ ጃፓን ተብሎ ተጽፏል፤ ማኅተሙም አለ። ውስጡ ያለው ፊልትሮ ወረቀቱ ሳስቷል፤ የፍሬን ሸራው ሁለተኛ ሙቀት ሲያገኘው መስተዋት ይሆንና መያዝ ያቆማል። የሞተር ዘይቱም እንዲሁ፤ የታወቀ ስም የተለጠፈበት ጀሪካን ውስጥ ተጣርቶ የተመለሰ ዘይት ይሸጣል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ በታማኝነት ዘይት የሚቀይር ባለንብረት እንኳ ምን እንደቀየረ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ይህን የሚመረምር፣ ሐሰተኛ የፍሬን ሸራ የሚሸጠውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ እኩል የሚያይ አንድ አካል እንዴት ይጠፋል?

ጋራዡ ደግሞ ለእኛ ችኮላ ተገዝቷል። መካኒኩ ራዲያተሩን አይቶ «ይውረድና ይታጠብ» ሲል «ማታ ጭነት አለብኝ» እንለዋለን። እሱም ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥልና ውሃ ሞልቶ ይሸኘናል። ሞተሩ ያን ቀን አይሞቅም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀዝቃዛው ይሠራል፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሲሊንደሩ ይበላል። ከፍታው እዚህም ላይ አለ። አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ኩላንት በሌለበት፣ ዳገት ላይ መፍላቱ የማይቀር ነው። የአንድ ክዳን ዋጋ ስንት ሆኖ ነው የሲሊንደር ራስ የሚቃጠለው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እንዲህ ላለው ጥገና ነው። መካኒኮቹን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ለመሥራት ጊዜ የሚሰጣቸው የለም እንጂ።

ስለ ዓባይ በረሃ ዘለግ አድርጌ ልናገር፤ ይህ ሁሉ ጉድለት ተጠራቅሞ ሒሳቡ የሚወራረደው እዚያ ነውና። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ድልድዩ ጋ 1,100 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ መልሶ ይወጣል። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ከጀመረ ወዲህ መሻገሩ ቀሏል። ቁልቁለቱ ግን ያው ነው፤ መሬቱም ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እየተሰነጠቀና እየታጠፈ አስቸግሯል። ከፎገራ ሽንኩርት ጭኖ የተነሳ አይሱዙ እዚህ የሚደርሰው ሹፌሩ ለሰዓታት ነድቶ ዓይኑ ከቀላ በኋላ ነው።

እዚያ ላይ ብዙው ሹፌር ማርሹን ፎሌ ያወጣል። ናፍጣ ይቆጥባል ብሎ ነው፤ ለናፍጣ የሚሰጠውን ብር በልኩ ቆርጦ የሚሰጥ ባለንብረትም ወደዚያ ይገፋዋል። ሒሳቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ ፖምፓው ናፍጣ መላኩን ያቆማል። ፎሌ ሲወጣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ለማዞር ናፍጣ ይጠጣል። ለማይገኝ ቁጠባ ሲባል የሞተሩ መያዝ ይቀርና ክብደቱ በሙሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።

ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠግብ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ እንፋሎቱ ይታመቅና ኃይሉ ጎማው ጋ አይደርስም። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን አይሰማም። በማግስቱ «ፍሬን በጥሶ» ተብሎ ይነገራል። ብዙውን ጊዜ የበጠሰ ነገር የለም። ቱቦው ሲታይ ደህና ነው፤ ሸራውም በቦታው አለ፤ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉም ይመለሳል። ያ ዘይት ከተቀየረ ስንት ዓመት እንደሆነው የሚጠይቅ መርማሪ ግን አልሰማሁም። ከዚህም የባሰ አለ፤ ሞተሩን ጭራሽ አጥፍቶ የሚወርድ። በኤንፒአር ላይ ፍሬኑን የሚያግዘውን ቫኪዩም የምትሠራው ዲናሞው ላይ የተገጠመች ትንሽ ፖምፓ ናት። ሞተር ሲጠፋ እሷም ትቆማለች፤ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ መሪውም ይከብዳል።

የጭስ ማውጫውን ዘግቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገው ፍሬን አብሮ ተገጥሞ የሚመጣው ለእንዲህ ያለው መንገድ ነበር። በስንቱ መኪና ላይ ይሠራል? ሽቦው ተበጥሷል፣ ቫልቩ በጥላሸት ተጣብቋል፣ ባለንብረቱም «ያለሱም ይሄዳል» ብሎ ትቶታል። በእርግጥ ይሄዳል። መሄዱንማ ማን ከለከለው፤ መቆሙ ነው እንጂ የጠፋው። ዓባይን ያነሳሁት ስለሚታወቅ ነው፤ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ መውረጃውም፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና መውረጃውም፣ ሊማሊሞም ይህንኑ ይጠይቃሉ።

ጎማውም የራሱ እሮሮ አለው፤ አጠር ላድርገው። ከኋላ ተጣምረው ከሚሄዱት ሁለት ጎማዎች የውስጠኛውን ንፋስ የሚለካ ረዳት ጥቂት ነው፤ ጎንበስ ማለት ስለሚጠይቅ። በሁለቱ መሀል የተቀረቀረ ድንጋይም እዚያው ጎኑን ሲበላ ያድራል። ሲፈነዳ ጎሚስታው ይወቀሳል።

ሹፌሩ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ኬላ ያገኘዋል፤ ከኬላው በኋላ ገመድ የዘረጉ ሰዎች ያገኙታል፤ እያንዳንዱ በራሱ ደረሰኝ፣ አንዳንዱም ያለ ደረሰኝ፣ ብር ይቀበላል። አንዳንዱ መንገድ ላይ የጸጥታው ነገር ተጨምሮ ሌሊት መሄድ አይቻልም፤ ገበያው ግን ያው ሳይነጋ ድረስ ይላል። ከተማ ሲገባ የጭነት መኪና መግቢያ ሰዓት አለ፤ አንዲት ሩብ ሰዓት ያሳለፈ ውጭ ይቆማል። አትክልት ተራም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የእኛ መቆሚያና ማራገፊያ ነገር ከማንም በኋላ የታሰበበት ጉዳይ ነበር። ተራ ሲጠብቅ ያደረ ሹፌር የተኛው ካቢናው ውስጥ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው። ያ ሰው በማግስቱ ባዶውን ተመልሶ ማታ ሌላ ጭነት ያነሳል።

የሚከፈለውም በቢያጆ ነው። ደመወዙ ለስም ያህል ነው፤ ቤቱ የሚበላው ከአበሉና ከመንገድ ከሚያነሳው ትርፍ ሰው ነው። ብዙ በተመላለሰ ቁጥር ብዙ ያገኛል፤ ባረፈ ቁጥር ይቀንስበታል። ከዚያ ጫት ቃመ፣ እንቅልፍ አባረረ ብለን እንገረማለን። እንዲያርፍ የሚከፍለው ሰው የት አለ? መኪናው ጋራዥ በገባበት ቀን ሹፌሩ አንዳች ገቢ ስለሌለው የሚንኳኳ ድምፅ ሰምቶም ዝም ይላል። መኪናውን ከባለንብረቱም ከመካኒኩም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ድምፁ ሲለወጥ፣ ፔዳሉ ሲሰጥም፣ መሪው ሲጎትት ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ያንን የሚሰማውን ሰው የብር እጦት አፉን ይዘጋዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት በደሎች ሁሉ ለእኔ ይህ ይከብደኛል።

በዓመት አንዴ ለቦሎ ምርመራ አለ። መኪናው ለዚያ ቀን ታጥቦ፣ ከጓደኛ መኪና ደህና ጎማ ተውሶ፣ ባዶ ካሶኔውን ይዞ ይቀርባል። ባዶ አይሱዙ በሜዳ ላይ በደንብ ይቆማል። የምርመራ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ቢሠሩም ሰባ ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ከዚያ ማሽን ላይ አይነበብም። የፍሬን ዘይቱን ዕድሜ፣ የተጨመረውን ባሌስትራ፣ ከፍ የተደረገውን ስፖንዳ፣ የማይሠራውን የጭስ ፍሬን የሚያይ ምርመራ ቢሆን ኖሮ ግማሾቻችን ቦሎ ባላገኘን ነበር፤ መንገዱም በተረፈ ነበር።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ሰዓቱን የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ። ጭነቱን ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስጭናችሁ «ሳይነጋ ድረስ» ከምትሉ፣ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ አስጭኑ፤ ያቺ ሁለት ሰዓት የሹፌሩ እንቅልፍ ናት። በአንዱ መኪና ላይ የምትከምሩትን ለሁለት ከፍሉት። ማደያዎችና ተቆጣጣሪዎቻቸውም ለሚበላሽ ጭነት አንድ መስመር ለዩ።

ለእኛ ለባለንብረቶች ግን የምለው አጭር ነው። ሹፌራችሁ መኪናው ጋራዥ በዋለበት ቀን አበሉን ክፈሉት፤ ድምፅ ሰምቶ ሲነግራችሁም አመስግኑት። ስፖንዳውን ወደ ልኩ መልሱ። የጭስ ፍሬኑን አስጠግኑ። የፍሬን ዘይቱን መቼ እንደቀየራችሁት ካላስታወሳችሁ የሚቀጥለው ጭነት ሳይጫን አስቀይሩት።